ፈረንጁ የታለ?

ታሊያ ደባርቅ ላይ የቋንቋ ትምህርት ቤት የከፈተች ሰሞን የከተማው ወሬ ትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ አማርኛዋ ነበር።

የተወለደችውም ያደገችውም እስራኤል ነው። አማርኛን የተማረችው ከአያቷ ከአገርነሽ ጉያ ሥር ሆና ነው። አገርነሽ ከዳባት በታች ካለች የቤተ እስራኤል መንደር ወጥታ ስትሰደድ አማርኛዋን እንዳለ ይዛው ሄደች፤ እዚያም ከአዲስ ቃል ጋር ሳታቀላቅል ለልጅ ልጇ አወረሰችው። ስለዚህ ታሊያ ጂንስ ሱሪ ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትሄድ የሠላሳ ዓመት ሴት ትሁን እንጂ አፏን ስትከፍት ባልቴት ናት። ባጃጅ ተሳፍራ፣ «አፈር ስሆን፣ የኔ ጌታ፣ ዝግ እያልክ ንዳልኝ» ስትል ሾፌሩ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ዞር ይላል። አስጎብኚዎቹ ልጆች «ቡኪንጉ ካንስል ሆነ» ሲሉ እሷ፣ «እንግዶቹ ቀሩ ማለታችሁ ነው?» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ደባርቅን ያወቀቻት ከዓመት በፊት ስሜን ተራራን ልታይ ከጓደኞቿ ጋር በመጣች ጊዜ ነው። ይመራቸው የነበረው ጎልማሳ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ጨዋታው ግን ሁሉ በአማርኛ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እያየ ለታሊያ አንድ ነገር ይነግራትና እሷ በሳቅ ስትፈርስ፣ ጓደኞቿ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። ለነሱ የሚደርሳቸው «ዚስ ኢዝ መንኪ» ብቻ ነበር። ታሊያ እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣ አሰበች። እስራኤል ውስጥ በሰው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስታስተምር ኖራለች፤ የራሷን በር ከፍታ መግባት ደግሞ የቆየ ምኞቷ ነው። በሩ ለምን እዚህ አይሆንም?

ሆነ። ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው፤ ቱሪስቱ እንደ ጉድ የሚጎርፍበት፣ መናኸሪያው አካባቢ በየቀኑ አዲስ ሻንጣ የሚራገፍበት ዘመን። ፈቃድ ለማውጣት የተመላለሰችው ምልልስ ለብቻው ታሪክ ይወጣዋልና እንለፈው። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የካህን ባለቤት ከነበሩት ከወይዘሮ አመተ ማርያም ላይ የፎቁን ክፍል ከነበረንዳው ተከራየች። እሳቸው ምድር ቤቱ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ታፔላውን የጻፈላት ደርቤ የሚባል ሠዓሊ ነበር። «ከስሙ ሥር ምን ልጨምርበት?» ሲላት፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ከውጭ አገር የመጣች መሆኗን እንዲጽፍ ነገረችው። ደርቤ በበኩሉ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነውና ስሟን በትንሹ፣ «በውጭ አገር ሰው የሚመራ!» የሚለውን በትልቁ፣ በቀይ ጻፈው። ታሊያ አይታ ሳቀች። መቼም ውሸት የለበትም።

መጀመሪያ ደረጃውን የወጡት አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ከከተማው መውጫ ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ አንድ ኪሎ ምስማር ሲገዙ እንኳ ሳይመረምሩ የማይገዙ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸው ዓለምዬ አለች፤ ለተራራ ተጓዦች ምግብ የምታበስል፣ ፈጠን ያለች ወጣት። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ወንበሮቹን ነቅነቅ አድርገው አዩ። ነጩን ሰሌዳ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ታሊያን አልፈው የጓዳውን በር ከፈቱና አንገታቸውን አስገብተው ተመለከቱ።

«ፈረንጁ የታለ?» አሉ።

«የቱ ፈረንጅ?»

«ደጅ የተጻፈው ነዋ።»

«እኔ ነኝ፣ አንቱ። ከውጭ አገር የመጣሁት እኔ ነኝ። አፈር ስሆን፣ ይቀመጡ።»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ተቀመጡና ትክ ብለው አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«አያቴ አገርነሽ ትባላለች። መንደሯ ከዳባት ወደ ታች ነው።»

«ወገራ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አነጋገርሽን ስሰማ ገና ብያለሁ! ግንባርሽም የወገራ ነው። አንቺማ የኛው ልጅ ነሽ!»

ታሊያን እንባ እንባ አላት። እስራኤል ውስጥ የሄደችበት ሁሉ «ኢትዮጵያዊቷ» ነበረች፤ ሠፈርም፣ ሥራም፣ ጦር ሠራዊትም ውስጥ። «የኛው ልጅ» የሚል ቃል ከማያውቃት ሰው አፍ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«በይ እንግዲህ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉና አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ተነሡ። «እኔ እንኳ ልጄን ፈረንጅ ያስተምራታል ብዬ ነበር። ከኛ ልጅ ለመማርማ ሌላ ቦታ መች ጠፋ?»

ዓለምዬ ከአባቷ ጀርባ ሆና በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀቻት። ወረዱ።

ከሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያው ነበር። ይወጣል፣ ክፍሉን ያያል፣ ጓዳውን ያያል፣ «ፈረንጁ የታለ?» ይላል፤ ከዚያ ታሊያ ስትናገር ይሰማና ደስ ብሎት፣ መርቋት፣ ዘመዱን ቆጥሮላት ይሄዳል። አንዱን ተስፋ ቆርጣ ፓስፖርቷን አሳየችው። አገላብጦ አየና፣ «ፎቶው ላይ ከስተሻል» ብሎ መለሰላት። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት አለፉ። ታሊያ ደባርቅን የሚያህል ዘመድ አገኘች፤ ተማሪ ግን አላገኘችም።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ከሱቃቸው ሆነው ይህን ሁሉ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ። በልጅነታቸው የነታሊያን አያቶች ያውቁ ነበር፤ የቤታቸው እንሥራ ሁሉ ከነሱ የተገዛ ነበር። አንድ ቀን ለታሊያ ሻይ ይዘውላት ወጡ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረ?»

«እማማ፣ እዚያ ስሆን አገሬ እዚህ ነው ይሉኛል። እዚህ ስመጣ ደግሞ ከዚያ ነኝ ብል የሚያምነኝ አጣሁ።»

«የሚያምንሽ ቢገኝ ደስ ይልሻል?»

ታሊያ አሰበችበት። «አይለኝም» አለች። «ግን የቤት ኪራይዎን በምን ልከፍል ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ለነገሩ ግን መላ አልተገኘለትም።

መላው በራሱ እግር መጣ ማለት ይቻላል፤ እግሩ የታመመ ባይሆን ኖሮ። ታሊያ አንድ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጣ ከእናቷ ጋር በስልክ በዕብራይስጥ ስታወራ ከጀርባዋ አንድ ድምፅ በዚያው በዕብራይስጥ፣ «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» አላት። ዞር ስትል አንድ ረጅም ሰው፣ አፍንጫው ፀሐይ ልጦት፣ የተጠቀለለ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ኦዴድ ይባላል። ሰሜን እስራኤል ውስጥ ካለ የእርሻ መንደር የመጣ የትራክተር መካኒክ ነው። ራስ ደጀንን ወጥቶ ከተራራው ሥር ካለችው ከአምቢኮ መንደር ሲመለስ እግሩ ወለም ብሎት ወድቋል። ጓደኞቹ ወደ አክሱም ቀጥለዋል። ወጌሻው አሽቶት፣ «እስከምነግርህ ድረስ እንዳትረግጥበት» ብሎ አስጠንቅቆታል።

«ከሰው ጋር ካወራሁ ቆየሁ» አላት። «እንግሊዝኛዬ እንደ እግሬ ነው፤ አንድ እርምጃ ይሄድና ይወድቃል።»

ታሊያ አዘነችለት። ባጃጅ ጠርታ ወደ ትምህርት ቤቷ ወሰደችውና ተራራው ፊት ለፊት በሚታይበት በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቀለ፤ ከቦርሳው መጽሐፍ አወጣና ማንበብ ጀመረ። ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው አየር ያግኝ ብላ።

እሱ በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ሳይቀመጥ አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች። ከሷ በኋላ ሁለት አስጎብኚዎች መጡ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ሰልፍ ሆነ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እያየ ይነጋገራል።

«አየኸው? ከኋላ ወደ ፊት እኮ ነው የሚያነበው!»

«እንዲያ ያለውማ ፕሮፌሰር መሆን አለበት።»

በማግስቱ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ መጡ። ዓለምዬን አስመዘገቡና በረንዳው ድረስ ሄደው ባርኔጣቸውን አንሥተው ለኦዴድ እጅ ነሡ። ኦዴድም ጨዋ ሰው ነውና አፀፋውን መለሰ፤ እሳቸውም በጣም ተደስተው ወረዱ።

ታሊያ ወደ ወይዘሮ አመተ ማርያም ሱቅ በሩጫ ወረደች። «እማማ፣ እሱ እኮ አስተማሪ አይደለም! ሰው እያታለልን ነው። ልነግራቸው ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«አስተማሪው እሱ አይደለም ብዬ።»

«ነው ያለ ሰው አለ?» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም አንድ ጣቃ ጨርቅ እየጠቀለሉ። «ሰውዬው እግሩን አሞታል፤ ተቀመጠ። መጽሐፍ አለው፤ አነበበ። ውሸቱ የቱ ላይ ነው?»

«ቢጠይቁንስ?»

«እኔን ጠይቀውኛል። 'እሳቸው ናቸው የሚያስተምሩት?' ሲሉኝ፣ 'አሁን እግራቸውን አሟቸዋል' አልኳቸው። እውነት ነው አይደል?»

ታሊያ ልቧ ባይፈቅድም ተወችው። ለራሷ ግን ቃል ገባች፤ ተማሪዎቹ በደንብ መናገር ሲጀምሩ፣ ያኔ ለሁሉም እውነቱን ትናገራለች።

ትምህርቱ ተጀመረ። ታሊያ መጽሐፍ አታስነብብም። ክፍሉን አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ ታደርገዋለች፤ ሌላ ቀን ድንኳን፤ ሌላ ቀን ከጎንደር የሚመጣ ሚኒባስ። አንዱ ተማሪ ቱሪስት ይሆናል፤ ሻንጣው ጠፍቶበታል፣ ወይ ከፍታው አዙሮታል፣ ወይ ሥጋ አይበላም። ዓለምዬ ወጥ ቤት ናትና ሥጋ የማይበላ ቱሪስት ሲመጣባት በክርክር ታፋጥጠዋለች። ረቡዕ ቀን ለምን ሁሉም ሰው ከሥጋ እንደሚከለከል፣ ሽሮ ምን እንደሆነ፣ ሽሮው ውስጥ ሥጋ አለመኖሩን፣ ለመሐላም ዝግጁ መሆኗን በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ቃል ሲጠፋት በእጇ ትጨርሰዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ስለማይጠፋ ወይዘሮ አመተ ማርያም ከሥር ሆነው፣ «ይህ ትምህርት ነው ሠርግ?» ይላሉ።

በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ ወደ በረንዳው ይወጣሉ። ከኦዴድ ጋር ይቀላለዳሉ፤ የተማሩትን ይሞክሩበታል። ኦዴድም ሻይ እየተጋበዘ፣ የሰው ስም በአማርኛ እየተማረ እግሩ መዳኑን እንኳ የረሳ መሰለ።

የረሳው እሱ ነው እንጂ ወጌሻው አልረሳም። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ፣ «የፈረንጁን እግር እኔ ነኝ ያዳንሁት! አሁን ሚዳቋ ነው!» ብሎ ለፈፈ። ወሬው ከእህል ተራ ተነሥቶ በግ ተራ ሳይደርስ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሰሙ። ወዲያው ወደ ወይዘሮ አመተ ማርያም ሱቅ መጡ።

«እግራቸው ድኗል አሉ።»

«ተመስገን፤ ድኗል» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም። ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

«እንግዲያው ነገ ከቅዳሴ መልስ ወላጆች ተሰብስበን እንመጣለን። ሲያስተምሩ በጆሯችን እንስማቸው። የኔታ ቴዎፍሎስንም ይዣቸው እመጣለሁ።»

መሪጌታ ቴዎፍሎስ በደባርቅ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። የኔታ ይመጣሉ ከተባለ ከተማው ግማሹ ይከተላል።

ታሊያ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ኦዴድ ደግሞ ከሷ ብሶ ደነገጠ። «እኔ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም» አላት። «የምቆመው ትራክተር ፊት ነው። ትራክተር ደግሞ ሰው አያይም።»

«ደኅና አደራችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ ብቻ በላቸው። ከዚያ እኔ ተነሥቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ቢቆጡም ይቆጡ።»

«ይህን እችላለሁ» አለ ኦዴድ፤ ፊቱ ግን የሚችል ሰው ፊት አይመስልም።

እሑድ ክፍሉ ሞላ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ከወይዘሮ አመተ ማርያም ቤት አግዳሚ ወጣ። ወላጆች ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተዋል። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ነጭ ጥምጣማቸውን አስረው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዓለምዬ መካከላቸው ከንፈሯን ነክሳ።

ኦዴድ ተነሣ። «ጉድ ሞርኒንግ» አለ። ሕዝቡ ጉርምርም እያለ መለሰለት። «ዌልካም» አለ። እሱም ተመለሰለት። ከዚያ ዝም አለ።

ታሊያ ልትነሣ ስትል አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ቀደሟት። «አንቺ ቆይ፤ ይቀጥሉ። ትምህርቱን እንስማ።»

ዓይን ሁሉ ኦዴድ ላይ ተተከለ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ከጦር ሠራዊት ጀምሮ ያጠራቀማት እንግሊዝኛ በሙሉ በመስኮቱ ወጥታ ሄደች። ሰውየው ግን ደግ ነውና፣ ይህን ያህል ሰው ከቅዳሴ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አልሆነለትም። አንድ ጣቱን ቀሰረ።

«ኤሓድ!» አለ።

«ኤሓድ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ኦዴድ በረታ። «ሽናይም! ሽሎሻ!»

«ሽናይም! ሽሎሻ!»

«አርባዓ! ሐሚሻ!»

ታሊያ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ወላጆቹ ግን ደስታቸው ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ቆሞ ነው የሚጮኸው። ኦዴድ ይህን ሲያይ ሞቅ አለውና ወደ አካል ክፍሎች ተሻገረ። ጭንቅላቱን ያዘ፣ «ሮሽ!» ዓይኑን ነካ፣ «ዓይን!» ምላሱን አወጣና፣ «ላሾን!» ደረቱን መታ፣ «ሌቭ!»

የመሪጌታ ቴዎፍሎስ ጭራ አየር ላይ ቆመ። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ቆይ» አሉ።

ሁሉም ወደሳቸው ዞረ።

«ምነው የኔታ?» አሉ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ።

«ይህ እንግሊዝኛ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ? የኔታ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?»

«አንዲት ቃል አልችልም» አሉ መሪጌታ ረጋ ብለው። «ያወቅሁትም በዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ባልገባኝ ነበር። ይህ ግን ይገባኛል።» ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቀጠሉ፤ «አርባዓ አለ፤ በግዕዝ አርባዕቱ ነው። ሐሚሻ አለ፤ ኀምስቱ። ዓይን ያው ዐይን ነው። ላሾን ልሳን፣ ሌቭ ልብ። ሮሽ ያለውም ርእስ ነው። አያችሁ፣ ይህ ሰው የሚናገረው የግዕዝን ዘመድ ነው። የነዳዊትን ቋንቋ ነው፤ ዕብራይስጥ!»

ኦዴድ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው አንድ ስም ነው። «ዳዊት!» አለ በደስታ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «ዳዊት፣ ዳዊት!»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ከወንበራቸው ተነሡ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ወይዘሮ አመተ ማርያም!»

«እኔ እግሩን አሞታል ነው ያልሁ» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም ከበሩ አጠገብ።

ታሊያ ወደ ፊት ወጣች። «አንቱ አይቆጧቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ኦዴድ እንግዳዬ ነው፤ መካኒክ ነው። ልጆቻችሁን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ ብቻ ነኝ። ስትመጡ አንድም ሰው እኔን አላየኝም፤ ሁላችሁም የኛው ልጅ ነሽ እያላችሁ ሄዳችሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲያ ስትሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን የኛው ልጅ ማወቅ አይችልም ያላችሁ ማን ነው? እሱን በረንዳ ላይ ስታዩት ጊዜ መጣችሁ፤ እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። አፈር ስሆን፣ ይቅር በሉኝ።»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ዞረው ልጃቸውን አዩ። «ነይ፣ እንሂድ።»

ዓለምዬ ከግድግዳው ተላቀቀች እንጂ ወደ በሩ አልሄደችም። «አባባ፣ እኛ እኮ እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«ኦዴድ አስተማሪ አለመሆኑን። ከገባን በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅነው። ሰውየው ኪችንና ቺክን አይለይም! ምሳህን የት ነው የምትበላው ብዬ ብጠይቀው 'ዶሮ ውስጥ' አለኝ። እንዲያውም እንግሊዝኛ የምናስተምረው እኛ ነን፤ አሁን በጣም ተሻሽሏል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ቢሆን ታስወጣኝ ነበራ!» አለች ዓለምዬ። «ስንቱን ትምህርት ተመዝግቤ ተውሁ፣ አባባ? አፌ የተፈታው እዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ያመጣሁልህን ጀርመኖች ያነጋገርኳቸው እኔ አይደለሁ? ማረፊያህ ሦስት ቀን እንዲያድሩ ያደረግኋቸው በምን ይመስልሃል፤ በአማርኛ?»

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የሚመጣው፤ ጥምጣማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ዶሮ ውስጥ!» ይላሉና እንደገና ይጀምራሉ። ከሳቸው ወደ ወላጆቹ ተላለፈ። ምን እንደተባለ ያልገባው ኦዴድም አብሮ ሳቀ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ለጥቂት ጊዜ ታገሉ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ተሸነፉና ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«በይ እንግዲህ» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ከመጣሁ አይቀር እኔንም አስተምሪኝ። ፈረንጆቹ በየቀኑ ሙቅ ውኃ እያሉ ይነዘንዙኛል። 'ነገ ይመጣል' በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ሆት ወተር ቱሞሮ ይበሉ።»

«ሆት ወተር ቱሞሮ!» አሉ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ። ሕዝቡ ትምህርቱ የቀጠለ መስሎት በአንድ ድምፅ ተቀበለ፤ «ሆት ወተር ቱሞሮ!» ከኋላ አንዱ፣ «ነገ ግን የእውነት ይመጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እንደገና ሳቅ ሆነ። የዚያን ዕለት ወላጆቹ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀምጠው ሰላምታ፣ ስም መጠየቅና መንገድ ማሳየት ተምረው ነው የወጡት።

ሰው ሲበተን መሪጌታ ቴዎፍሎስ ወደ ኋላ ቀሩ። ታሊያን በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ይህን የዳዊትን ቋንቋ ታውቂዋለሽ?»

«አፌን የፈታሁበት ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው እኔን መዝግቢኝ። ሁለት ሦስት ደቀ መዛሙርትም አሉኝ። አንቺ ያንን ብታሳይን እኔ ደግሞ ግዕዝ አሳይሻለሁ።»

ታሊያ አያቷ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትላቸውን የግዕዝ ጸሎቶች አስታወሰች። እሷም በቃሏ ይዛቸዋለች፤ ትርጉማቸውን ግን አታውቅም። «የኔታ» አለች፣ «መቼ እንጀምር?»

ኦዴድ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ጓደኞቹ ደውለው ጠሩት። ሊሸኙት መናኸሪያ ድረስ የወጣው ሰው ለሙሽራ የሚወጣ ይመስል ነበር። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ አንድ ጣሳ ማር ሰጡት፤ ወጌሻው እግሩን የመጨረሻ ጊዜ አሽቶ ለቀቀው፤ ተማሪዎቹ የሚኒባሱ ረዳት እስኪቆጣ ድረስ በር ላይ ይዘውት አወሩ። በእንግሊዝኛ ነበር የተሰናበታቸው፤ ሦስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ስሕተት። ዓለምዬ አጨበጨበችለት።

ትምህርት ቤቱ ግን እሱ በመሄዱ አልቀዘቀዘም። እንዲያውም ክረምት ገብቶ ቱሪስቱ ሲቀንስ አስጎብኚው፣ ወጥ ቤቱ፣ በቅሎ ጫኙ ሥራ ስለፈታ ክፍሉ ጠበበ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የየኔታ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ የዕብራይስጥ ቃል ይዘው እንደ ቅኔ ሲያገላብጡት፣ ሲከራከሩበት ይመሻል፤ ታሊያ አንዳንዴ የሚያስተምራት ማን፣ የምታስተምረው ማን እንደሆነ ይጠፋባታል። ለእናቷ ስልክ ስትደውል፣ «መቼ ነው የምትመለሺ?» ስትባል ወሬ ትቀይራለች።

በመስከረም ዳባት ላይ ቅርንጫፍ ለመክፈት ተነሣች። ቤት ፍለጋ የሄዱት ሦስት ሆነው ነው፤ ታሊያ፣ እዚያ እንድታስተምር የተመረጠችው ዓለምዬና ወይዘሮ አመተ ማርያም። ኪራይ የሚከራከሩት ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው፤ ራሳቸው አከራይ ስለሆኑ የአከራይን ተንኮል ሁሉ ያውቁታል። የተገኘው ክፍል ሰፊና ብርሃን የሚገባበት ነው። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የእህል ወፍጮ አለ። ወፍጮው ሲነሣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው አይሰማም።

«ይህስ አይሆንም» አለች ታሊያ በጩኸት።

«ይሆናል!» አለች ዓለምዬም በጩኸት። «አስተማሪዋ እኔ አይደለሁ? ከወፍጮው በላይ እጮሃለሁ!»

እንዳለችውም አደረገች። በከፈቱ ዕለት አዲስ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ከኮሶዬና ከወቀን አካባቢ የመጡ የሎጅ ሠራተኞች፣ ክፍሉን ሞልተው ተቀመጡ። ታሊያ ከኋላ ወንበር ይዛ እንደ ማንኛውም ተማሪ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከሥር ወፍጮው ያጓራል። ዓለምዬ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ የአንገቷ ደም ሥር እስኪታይ እየጮኸች ታስተምራለች። ተማሪዎቹም እየጮኹ ይመልሳሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ።

ድንገት መብራት ጠፋ። ወፍጮው አንድ ጊዜ አቃሰተና ቆመ። ዓለምዬ ግን አፏን ከፍታ ጀምራ ነበርና ማቆም አልቻለችም፤ ድምጿ በተከፈተው መስኮት ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ እስከ ገበያው ተሰማ።

«ዌር አር ዩ ፍሮም?»

ከታች መንገድ ላይ አህያቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም አሉ። ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩና፣ በሚያምር እንግሊዝኛ፣

«ፍሮም ወቀን!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ታሊያ ከወንበሯ ዘላ ወደ መስኮቱ ሮጠች። «አንቱ! አንቱ፣ ይቆዩ እስቲ!» ብላ ጮኸች። «እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

ሽማግሌው ሳይዞሩ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ሎጅ አጠገብ ነው ቤቴ!» አሉ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ፤ እኔን ያላነጋገረኝ ፈረንጅ የለም!»